ሦስት ኩላሊት፣ ዘጠኝ ጣት

ታሪክ የሚያወራ ሰው አስቀድሞ ሰዎቹን ማስተዋወቅ አለበት። ሳያስተዋውቅ የሚጀምር፣ በር ሳያንኳኳ ሰው ቤት እንደሚገባ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ልጥራቸው።

ደምሴ፦ የከባድ መኪና ሾፌር፣ አቃቂ ውስጥ ብዙ ዘመን በአንድ አጥር የኖርን ጎረቤቴ። ዘነበች፦ የደምሴ ታናሽ እህት፣ ከክር ፋብሪካ ጡረታ የወጣች፤ በማሽን ጩኸት መሀል መነጋገር ስለለመደች ቀስ ብላ ማውራት የማይሆንላት። ሲስተር ብርሃኔ፦ በጤና ጣቢያችን ቁስል የምታጥብ ነርስ። አቶ ቶሎሳ፦ ከቂሊንጦ ወዲያ ካሉት የጥንት ባላገሮች አንዱ፣ የልጄን ባል የወለዱ። ሕይወት፦ ልጄ። እኔ መኮንን እባላለሁ። ቃሊቲ መንገድ ዳር በርና መስኮት እበይዳለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ብቻዬን ነው። ልጆቼ "አባባ ሲስቅ አይተን አናውቅም" ይላሉ። ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ደምሴ አስቆኛል።

ደምሴ ዛሬ የለም። ጠዋት ፀሐይ እየሞቀ፣ ደጃፉ ላይ ከወንበሩ ሳይነሳ አሸለበ። ስንገንዘው እኔም ነበርኩ። ሦስት ኩላሊትና ዘጠኝ የእግር ጣት ይዞ ተቀበረ። ይህን ስጽፍ የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ይኸው ብቻዬን እስቃለሁ።

ሦስት ኩላሊት ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ብዙ ሰው አዲስ ኩላሊት ሲተከል አሮጌው የሚወጣ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አሮጌዎቹ ግን እንደ ደከመ ጡረተኛ እዚያው ይቀመጣሉ፤ አዲሷ ከሆድ በታች በጎን ትገባለች። ደምሴ ይህን ሲሰማ ደስታው ወሰን አጣ።

"ሁለት የፈነዳ ጎማ፣ አንድ የሚሠራ!" አለኝ። "ኢንጂነር፣ እኔ እኮ በዚህ ዓይነት መኪና አሰብ ደርሼ ተመልሻለሁ።"

ኢንጂነር የሚለኝ ሊያበሽቀኝ ነው። ትምህርት ቤት ደጅ እንዳልረገጥኩ ያውቃል።

ስኳሩ የያዘው ገና መኪና ላይ ሳለ ነው። የሾፌር ኑሮ የታወቀ ነው፤ ቀን ሙሉ መቀመጥ፣ በየምግብ ቤቱ ሥጋ፣ በየሻይ ቤቱ ስኳር የበዛበት ሻይ። እኔም በአጥሩ ላይ ሆኜ "ስኳር የሆዳም በሽታ ነው" እያልኩ እሰብክ ነበር።

"አየህ ኢንጂነር" ይለኛል፣ "አንተ ሳትበላ ትቆጣለህ። እኔ በልቼ እስቃለሁ። መድረሻችን ያው መቃብር ነው፤ መንገዱን ግን እኔ ወድጄዋለሁ።"

ኩላሊቱ የደከመ ጊዜ ግን ሳቁ ቀነሰ። ደሙን በማሽን እያሳጠበ ሲኖር ፊቱ አመድ መሰለ። በዚያ ጊዜ ነው ዘነበች ነጠላዋን አጣፍታ "የእኔን ውሰዱ" ያለችው። ተመረመረች፤ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን በየጠዋቱ መስማት ሌላ ደስታ ነበር። ጤና ይስጥልኝ ብላው አታውቅም።

"ኩላሊቴ እንዴት አደረች?"

"ደህና ናት። ትንሽ ትጮሃለች። ባለቤቷን መሰለች።"

ቂጣው ላይ ማር ሲያፈስ ካየችውማ ጉድ ነው። "ጋሼ! ስኳሩ የራስህ ነው፣ ኩላሊቷ ግን የእኔ ናት! በሰው ዕቃ አትቀልድ!" ይህን ሳሪስ ገበያ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማል።

አሁን ወደ እግሩ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ እግሩ ላይ ነው።

ሐኪሞቹ ኩላሊቱን ከተከሉለት በኋላ እግርህን በጤና ጣቢያ እየታየህ ቆይ አሉት። አብሬው ሄድኩ። ሲስተር ብርሃኔ ዓይኑን አስጨፍና ቀጭን የላስቲክ ክር በጣቶቹ፣ በተረከዙ፣ በውስጥ እግሩ ላይ ጫን ጫን እያደረገች "ሲሰማዎ ይንገሩኝ" አለችው። ዝም አለ። እሷም መነካካቱን ቀጠለች። ቆይቶ ደምሴ ዓይኑን እንደጨፈነ፣

"ሲስተር፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?" አላት።

"ጨርሻለሁ እኮ ጋሽ ደምሴ።"

ዓይኑን ገልጦ እግሩን አየ፣ እሷን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ሳቁን ለቀቀው። ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩን። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ። ሲስተር ብርሃኔ ግን አልሳቀችም። ስኳር ለብዙ ጊዜ ሲቆይ የእግርን ስሜት እንደሚገድል፣ ስሜት የሌለው እግር ሚስማር ቢወጋው እንደማይናገር ነገረችን። ቀጥላም እንዲህ አለች፦

"አዲሷን ኩላሊት ሰውነትዎ እንግዳ ናት ብሎ እንዳያባርራት መድኃኒት ይወስዳሉ አይደል? ውሻውን አስረን እንግዳዋን አስገባን ማለት ነው። ውሻው ታስሮ ሌባ ቢመጣ ማን ይጮሃል? ቁስል ቢወጣብዎ ላያምዎ፣ ላያተኩስዎ ይችላል። እኔ ዘንድ የሚመጡት ዘግይተው ነው።"

በየቀኑ ውስጥ እግሩን እንዲያይ፣ ጫማ ከማድረጉ በፊት እጁን ከቶ እንዲፈትሽ፣ በባዶ እግሩ እንዳይሄድ አዘዘችው። ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ይረሳ ነበር። ደምሴ ግን ሾፌር ነው። ዕድሜ ልኩን ከመነሳቱ በፊት መኪናውን ዞሮ ጎማውን በብረት እየመታ ድምፁን ሲያዳምጥ፣ በመንታ ጎማ መሀል የተሰነቀረ ድንጋይ ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው። "ይኼማ ሥራዬ ነው" አለ። ከአሮጌው መኪናው የቀረውን ትልቁን ስፖኪዮ፣ የኋላ ማያ መስታወቱን፣ አውጥቶ "ኢንጂነር፣ ማቆሚያ በይድለት" አለኝ። በየድኩለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደምሴ በየማለዳው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ስፖኪዮው ውስጥ ጎማውን ያያል። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ሥራ ሲያልፍ "ጋሽ ደምሴ፣ ነፋሱ እንዴት ነው?" ሳይለው አያልፍም። በዚያን ጊዜ ቀበሌው ሰውን ሁሉ አንድ ለአምስት እያደራጀ ነበር። ደምሴም ለስብሰባ ሲጠሩት እግሩን ዘርግቶ "እኔ ተደራጅቻለሁ፤ ይኸው፣ አንድ እግር ለአምስት ጣት!" ይላቸዋል።

አንድ ነገር ለልጆቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው አለ። እግሩ መደንዘዙን በሰማ ቀን መንጃ ፈቃዱን ሳጥን ውስጥ ቆለፈ። ማንም አላስገደደውም። "ፍሬን መርገጡን እግሩ የማይነግረው ሾፌር፣ ሾፌር አይደለም" አለ። ያን ቀን አልሳቀም።

የሕይወት ሠርግ የደረሰው ባቡሩ ቃሊቲ ድረስ መምጣት በጀመረበት ዓመት፣ ግንቦት ላይ ነው። ሥርዓቱ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ። ጫማ አውልቆ መግባት የአባቶች ደንብ ነው፤ ደምሴም ሲስተር ብርሃኔ ያዘዘችውን ወፍራም ካልሲ አድርጎ ገባ። በሩ ላይ የሁለት ቤተሰብ ጥቁር ጫማ ተከምሯል። ሠርግ ነውና ሁሉም ተወልውሏል፤ ሁሉም አንድ ይመስላል።

ስንወጣ እልልታው፣ ክላክሱ፣ ግፊያው ሌላ ነው። ደምሴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን አነሳ። አየሁት። እንደተማረው እጁን ከተተ፣ ጣቱን እስከ ጫፉ ሰደደ፣ ገልብጦ አራገፈ። ድንጋይ የለም፣ ሚስማር የለም። አደረገው። የጫማውን ውስጥ ፈትሿል፤ የማን መሆኑን ግን አልፈተሸም።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ከደምሴ በፊት የተነሳ፣ ከደምሴ በኋላ የተቀመጠ ጨፋሪ አልነበረም። የአማቾቼ ወገን የኦሮምኛውን ጭፈራ ሲጀምሩ ከጎረምሶቹ እኩል ዘለለ።

"ጋሼ! ኩላሊቴን ናጥካት እኮ!" ትላለች ዘነበች ከወጥ ቤት።

"ትጨፍር! ዕድሜ ልኳን ክር ስታስቆጥሪያት ኖረሽ!"

እኔ ግን ሌላ ነገር ይከነክነኝ ነበር። አቶ ቶሎሳ ከክብር ወንበራቸው አልነሳ አሉ። "አማቼ፣ ይነሱ እንጂ" ብላቸው "ይበቃኛል" ይላሉ። አንዴ ተነስተው ሲሄዱም እግራቸውን እየጎተቱ፣ ፊታቸውን አጨፍግገው ነው። የሙሽሪት አባት በዚያን ቀን የአማቹን ፊት እንደ ደብዳቤ ያነባል። ቤቴን ናቁት አልኩ።

ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ፣ ገና ሳይመሽ፣ ደምሴ ደክሞት ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ዘነበች ጫማውን ልታወልቅለት ጎንበስ አለች። ከዚያ በአጥሩ ላይ ጠራችኝ።

"ጋሽ መኮንን፣ ይምጡ እስቲ።"

በዝግታ ነው የጠራችኝ። ዘነበች በዝግታ! በአጥሩ በር ሮጬ ገባሁ።

ካልሲው ከእግሩ ጋር ተጣብቋል። ሲስተር ብርሃኔ ከሠርጉ ገና አልሄደችም ነበርና ጠራናት፤ በንጹሕ ውኃ አርሳ በቀስታ ላጠችው። ትንሿ ጣት ቆዳዋ ተገፎ ጎኗ ጠቁሯል። ተረከዙም ተልጧል። ቀኑን ሙሉ ያ ጠባብ ጫማ ሲግጠው ውሏል፤ እሱ ግን ምንም አልሰማም።

ደምሴ ስፖኪዮውን ወደ ራሱ ዞር አድርጎ አየ።

"ጎማው አልቆ ሸራ አውጥቷል" አለ።

"ነገ በጠዋት ሆስፒታል" አለች ሲስተር ብርሃኔ። "አልሄድም ማለት የለም፣ ጋሽ ደምሴ። ይኼ ቀልድ አይደለም።"

በማግስቱ ማለዳ መኪና ስንጠብቅ አቶ ቶሎሳ ብቻቸውን ደረሱ። መልሱ ቀትር ላይ ነው፤ ምን አመጣቸው? በእግራቸው የላስቲክ ቦት ጫማ፣ በእጃቸው ፌስታል ይዘዋል። ደጃፌ ላይ ቆመው ወደ መሬት እያዩ እንዲህ አሉኝ፦

"አማቼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ትናንት የሰው ጫማ አድርጌ ወጣሁ። እንደ ጀልባ እየሰፋ ሲያንሸራትተኝ ነው የዋለው። ከቀትር ጀምሮ አውቄዋለሁ።"

"ታዲያ ምነው አልተናገሩም?"

"በሠርግ ቀን? 'የሙሽሪት ወገን ጫማችንን ወሰደ' ይባላል ብዬ። በመጀመሪያው ቀን አማች አላሳፍርም ብዬ ዝም አልኩ። ተነስቼ ብጨፍርማ ከእግሬ ወልቆ ሰው ላይ ይወድቃል።"

ፌስታሉን ከፈትኩት። የደምሴ ጫማ ነው። በአጥሩ በር አሳለፍኳቸው። ደምሴ እግሩን በነጭ ፋሻ ታስሮ፣ በርጩማ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ከአጠገቡ የእሳቸው ጫማ ቆሟል። አቶ ቶሎሳ ጫማውን አዩ፣ ፋሻውን አዩ።

"ያ ዋቅ!" አሉ አምላካቸውን ጠርተው። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

"አቶ ቶሎሳ፣ ጫማዎ ምነው እንዲህ ጠበበ?" አላቸው ደምሴ።

"ኧረ እርስዎስ ሲጠብብዎ ምነው ዝም አሉ?"

"እኔማ አልሰማኝም። እርስዎ ግን እየተሰማዎ ምን ሆነው ነው?"

"አፈርኩ፣ ወንድሜ።"

"ይኸው እንግዲህ! አንዳችን ስሜት የለን፣ አንዳችን ድምፅ የለን። ደህና ተጋባን!" ብሎ ሳቀ። አቶ ቶሎሳ ግን እያለቀሱ ነበር።

እኔ ከዚህ የተማርኩትን ልናገር። ይሉኝታን እንደ ጨዋነት ተምረን አድገናል፤ እኔም ለልጆቼ አስተምሬአለሁ። ነገር ግን አፍሮ የማይናገር አፍና ደንዝዞ የማይሰማ እግር አንድ ናቸው። ሁለቱም ባለቤታቸውን ሳያስጠነቅቁ ያስቆርጣሉ።

ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሙ ጠርቶ ሲነግረን እኔ፣ ዘነበችና አቶ ቶሎሳ ነበርን። ቁስሉ ወደ አጥንት ዘልቆ እንደሆነ ይታያል፤ ከዘለቀ እግሩም ያሰጋል። ጠንካራ መድኃኒት ስንሰጠው ደግሞ ኩላሊቷን እንዳይጎዳ መጠንቀቅ አለብን አለ። ዘነበች ተነስታ ቆመች።

"ዶክተር፣ እግሩ የእሱ ነው፣ ኩላሊቷ የእኔ ናት። ሁለቱንም ሳትመልስልን ከዚህ በር አልነሳም!"

ኮሪደሩ ሙሉ በሽተኛ ራሱን ቀና አደረገ። ሐኪሙም ፈገግ ብሎ "እማማ፣ እኔም የምፈልገው እሱን ነው" አላት።

ትንሿ ጣት ተቆረጠች። እግሩ ተረፈ። ኩላሊቷም በደህና ዋለች። ደምሴ ከሰመመኑ ሲነቃ የመጀመሪያ ቃሉ "ኢንጂነር፣ ለቀበሌው ንገርልኝ። አንድ ለአራት ሆኛለሁ" የሚል ነበር።

ግን ገና አላለቀም። ቁስሉ እስኪዘጋ እግሩን መሬት ማስረገጥ ክልክል ነው፤ ከረገጠ እንደገና ይከፈታል፣ ያኔ የሚቆረጠው ጣት ብቻ አይሆንም ተባለ። በየጊዜው ደግሞ ሲስተር ብርሃኔ ዘንድ መታጠብ አለበት። ክረምት ገብቷል፤ የሰፈራችን መንገድ ለሥራ ተቆፋፍሮ ታክሲ አይገባም። ይህን የሰሙት አቶ ቶሎሳ በማግስቱ ፈረሳቸውን ጠምደው፣ ጋሪያቸው ላይ ፍራሽ አንጥፈው ከቂሊንጦ መጡ። ለማንም አልተዉትም፤ ራሳቸው ነዱ። ዝናብ ሲሆን ላስቲክ ያለብሱታል እንጂ አንድ ቀን አልቀሩም። ጭቃው ስለሚያዘገያቸው የሚደርሱት ምሳ ሰዓት ላይ ነው፤ ሲስተር ብርሃኔም ምሳዋን ትታ ትጠብቃቸዋለች።

የከባድ መኪና ሾፌር በጋሪ ተሳፋሪ ሲሆን ማየት ነበረባችሁ። ፍራሹ ላይ ተንጋሎ፣ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ያዝዛል።

"ቶሎሳ፣ ካምቢዮ ቀይር! ዳገት ነው!"

"ፈረሱ ካምቢዮ የለውም።"

"ክላክስስ?"

"እሱማ አንተ አለህ።"

ከመቼ ጀምሮ "እርስዎ" መባባል እንደተዉ አላስተዋልኩም። የሰፈሩ ሰው ጋሪው ሲያልፍ ደጃፍ ወጥቶ ያጅባቸው ጀመር። ያ ክረምት እኔ ካየኋቸው ክረምቶች ሁሉ ደስ የሚለው ነው ብል፣ ሰው በታመመበት ጊዜ እንዲህ ይባላል ወይ ትሉኛላችሁ። እውነቱ ግን ይኸው ነው።

አደይ አበባ ሲፈነዳ ቁስሉ ተዘጋ። ሲስተር ብርሃኔ ፋሻውን ፈትታ፣ በጣቷ ዳስሳ፣ "ይርገጡ" አለችው። ደምሴ ተነሳ። አንድ እግሩን አሳረፈ።

"እንዴት ነው ጋሼ?" አለች ዘነበች።

"እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? እንደሆነ አይሰማኝ! ስፖኪዮ አምጡ!"

አቶ ቶሎሳ ያንን የሠርግ ጫማ ዳግመኛ አላደረጉትም። "ሰው የበላ ጫማ ነው" ብለው ከቤታቸው ጀርባ ቆፍረው ቀበሩት። ሲገዙት ሠርጉ ላይ ሊያምሩበት ነበር። ዳግም እንዳይለዋወጥ ዘነበች በሁለቱም አዲስ ጫማ ላይ ከፋብሪካ ያስቀረችውን ቀይ ክር ቋጠረችበት፤ በኋላ ለእኔም፣ ለሕይወትና ለባሏም ቋጠረች።

ደምሴ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ኖረ። ስኳር ያለባቸው ሾፌሮች እየሰሙ ይመጡ ነበር። ስፖኪዮው ፊት አስቀምጦ "አውልቅ፣ ጎማህን ልይ" ይላቸዋል። አንዳንዱን አይቶ ሳይስቅ በቀጥታ ወደ ሲስተር ብርሃኔ ይልከዋል።

በቀብሩ ቀን ከፍትሐት ስንወጣ በሩ ላይ ቀይ ክር ያለባቸውን ጫማዎች አየሁ። አቶ ቶሎሳ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን አነሱ፣ ክሩን አዩ፣ እጃቸውን ከተው ዳሰሱ። ስሜት ያለው እግር ነው ያላቸው፤ ግን ዳሰሱ። አስከሬኑ ሲወርድ ዘነበች በዚያ በፋብሪካ ድምፅዋ "ጋሼ! ኩላሊቴን ይዘህ ሄድክ! አደራህን፣ ደህና አድርገህ ያዛት!" አለች። በለቅሶው መሀል ሰው ሳቀ። ቄሱም ሲስቁ አይቻለሁ።

እኔም በቅርቡ ስኳር ተገኘብኝ። "የሆዳም በሽታ" ስል የኖርኩት፣ ሳልበላ የምቆጣው ሰው። ሲስተር ብርሃኔ በክሯ ነክታኛለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይሰማኛል። ዘነበች በማግስቱ ስፖኪዮውን ከነማቆሚያው በአጥሩ ላይ አሻገረችልኝ፣ "ጋሽ መኮንን፣ ጎማዎን ይዩ!" ብላ። አሁን በየማለዳው ደጃፌ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። አላፊው "ጋሽ መኮንን፣ ነፋሱ እንዴት ነው?" ይለኛል። ልጆቼ ስስቅ አይተውኛል።

ሒሳብ የሚወድ ሰው ነኝና ድምሩን ላስቀምጥ። ያ ሁሉ ነገር የወሰደብን ይኼ ነው፦ ከዘነበች አንድ ኩላሊት፣ ከደምሴ አንድ ትንሽ ጣት፣ ከአቶ ቶሎሳ አንድ ጥንድ አዲስ ጫማ፣ ከሲስተር ብርሃኔ የአንድ ክረምት ምሳ፣ ከእኔ ጥቂት ብረትና ያ የተኮሳተረ ፊቴ።